ስምንት ቅዳሜ ከግሪኮች ጋር፦ ሐዋሳ ስለወሰድኩት የንግግር ጥበብ ሥልጠና

ፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ ስጽፍ 14 ዓመት ሆነኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከጀርባዬ ካለው ሱቅ መብራት የሚስብ ፕሪንተር፣ ከላይ ጃንጥላ። ክስ እጽፋለሁ፣ መልስ እጽፋለሁ፣ ይግባኝ እጽፋለሁ። ባለጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚለኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። «እትዬ፣ አሳምረሽ ጻፊልኝ።» እውነቱን ጻፊልኝ ያለኝ ሰው የለም። እውነቱማ እሱ ጋ አለ ብሎ ያምናል። ከእኔ የሚፈልገው ማሳመሩን ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያውን ሳይ ቆም ያልኩት ለዚህ ነው። «የንግግር ጥበብ፦ ከጥንት ግሪኮች እስከ ዛሬ። ስምንት ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ።» ከሥሩ በቀይ «ማንንም አሳምን!» ይላል። ወደ ቀዩ ጽሑፍ እመለስበታለሁ። ክፍያው 2,800 ብር ነው፣ በሁለት ጊዜ የሚከፈል። ድርጅቱን በስም አልጠራም። ቅሬታ ስላለኝ ለራሳቸው በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው «እንዴት ነበር? ልመዝገብ?» እያሉ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ነው።

ቦታው ፒያሳ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያለው ሙቀት ይከብዳል። ከሐይቁ ነፋስ መግባት ሲጀምር ሰው ሁሉ ነፍስ ይዘራል። ከታች የባጃጅ ድምፅ አያባራም። 17 ሰልጣኞች ነበርን። አንድ የቤት ደላላ፣ አንድ ፓስተር፣ ሆቴል እንግዳ የምትቀበል ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህርም ነበሩ። ሲዳማ ናቸው፤ በሰፈራቸው ሶንጎ ላይ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ የሚቀመጡ ሰው። የሥልጠናውን ግማሽ ያህል ከእሳቸው ተምሬያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መምህሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአቴንስ ይጀምራሉ ብዬ ነበር። የጀመሩት ከሲራኩስ ነው፤ ሲሲሊ ደሴት ላይ ካለች ከተማ። እንደሚተረከው ከሆነ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ460ዎቹ ገደማ የከተማዋ አምባገነኖች ወደቁ። በእነሱ ዘመን መሬቱን የተነጠቀ ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት ጎረፈ። ሰነድ የለም። ምስክሩ ሞቷል ወይ ተሰዷል። ያኔ ኮራክስና ቲስያስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እንዴት መናገር እንደሚገባ ማስተማር ጀመሩ ይባላል። ይህን ስሰማ ብዕሬን አስቀመጥኩ። የንግግር ጥበብ ትምህርት የተወለደው በመሬት ክርክር ነው! የእኔም ጠረጴዛ ላይ የሚበዛው የመሬት ጉዳይ ነው።

ከኮራክስ የተረፈ አንድ የክርክር ዘዴ አለ፤ የነገረን አርስቶትል ነው። ደካማ ሰው በድብደባ ሲከሰስ «እኔን አይታችሁ እማታለሁ ብላችሁ ታምናላችሁ?» ይላል። ጉልበተኛው ሲከሰስ ደግሞ «ሁሉም እኔን እንደሚጠረጥር እያወቅሁ እንዴት እማታለሁ?» ይላል። ሁለተኛውን ዓይነት ክርክር በዓይኔ አይቻለሁ። ሲሠራም አይቻለሁ።

ከዚያ ጎርጊያስ መጣ። ከሊዮንቲኒ፣ ያው ከሲሲሊ። በ427 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለከተማው እርዳታ ሊለምን መልእክተኛ ሆኖ አቴንስ ገባና በአነጋገሩ ከተማውን አፈዘዘ። ንግግር ነፍስ ላይ የሚሠራው መድኃኒት ሰውነት ላይ እንደሚሠራው ነው ይላል፤ አንዱ ያድናል፣ ሌላው ይገድላል። መምህሩ የግሪኩ ቃል መድኃኒትም መርዝም ማለት እንደሆነ ሊያስረዱን ብዙ ደከሙ። ከኋላ የተቀመጠችው የሆቴሏ ልጅ «እኛም ጋ እኮ እንደዚያው ነው፤ መድኃኒት አበላችው ስንል ፈወሰችው ማለታችን አይደለም» አለች። ክፍሉ በሙሉ ገባው። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ ለዚህም መምህሩን አደንቃቸዋለሁ። ሰው ሲናገር አያቋርጡም።

ሁለተኛው ቅዳሜ የፕላቶን ነበር። የገንዘቤን ዋጋ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ፕላቶን በጎርጊያስ ስም በጠራው ድርሰቱ ውስጥ፣ የፕላቶን መምህር የነበረው ሶቅራጥስ የንግግርን ሥራ ጥበብ ብሎ መጥራት አይፈልግም። ልማድ ነው፣ ሰውን ደስ ማሰኘት የለመደ እጅ ነው ይላል። ወጥ ማጣፈጥ ለሕክምና ምን እንደሆነ፣ ንግግር ማሳመርም ለፍትሕ እንደዚያ ነው። የሐኪሙን ልብስ ለብሶ ይገባል፤ ስለ ጤና ግን አያውቅም። ወጥ ሠሪውና ሐኪሙ ሕፃናት ዳኞች ፊት ቢቆሙ ሐኪሙ በረሃብ ይሞታል ይላል ሶቅራጥስ።

መምህሩ ይህን አሠሩን። እኔን ሐኪም፣ ደላላውን ወጥ ሠሪ አደረጉን። የቀሩት 15 ሰዎች የስድስት ዓመት ልጆች ሆኑ። እኔ ተነሣሁና ስለ መርፌ፣ ስለ ኮሶ፣ ሆድ ሲታመም ከምግብ ስለመከልከል ተናገርኩ። እውነቴን ነበር። ደላላው ቀጠለ። «ልጆች፣ እኔ ቤት ማር አለ። እኔ ቤት ሳምቡሳ አለ፤ ትኩስ። እሷ ትወጋችኋለች።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው የተናገረው። ድምፅ ሲሰጥ 13 ለ2 ተሸነፍኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ወደ ቤቴ ስሄድ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ይዤ ሄድኩ። 14 ዓመት ሙሉ የትኛዋ ነበርኩ? «አሳምረሽ ጻፊልኝ» ያለኝ ሰው ከእኔ የገዛው ምኑን ነው?

እዚህ ላይ የእኛን አባባል አስታወስኩ። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ። ፕላቶን መጽሐፍ ሙሉ የጻፈበትን የእኛ ሰው በአራት ቃል ጨርሶታል። ግን ልዩነት አለው። የእኛ አባባል የሚያወግዘው ክፉውን ሰው ነው። ፕላቶን የሚለው ከዚያ ይብሳል፤ ልቡ ጩቤ ባይሆን እንኳ፣ የሚናገርበትን ነገር ሳያውቅ አፉ ብቻ ቅቤ የሆነ ሰው ከተማ ያጠፋል ነው። ያ ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። ማመልከቻ ጸሐፊም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ቅዳሜ አርስቶትል መልስ ሰጠ። በ17 ዓመቱ ፕላቶን ትምህርት ቤት ገብቶ 20 ዓመት የቆየ ተማሪ ነው፤ ነገሩን ከመምህሩ ቤት ያውቀዋል። ሰው ራሱን በእጁ መከላከል ባይችል የሚያሳፍረው ከሆነ፣ በቃሉ መከላከል አለመቻሉ እንዴት አያሳፍረውም? ቃል ከእጅ ይልቅ የሰው መለያ ነው። ይህ የአርስቶትል ሐሳብ ነው፤ እኔ እንደገባኝ ነው የጻፍኩት። እውነትና ፍትሕ በተፈጥሯቸው ከተቃራኒያቸው ይበረታሉ፤ ችሎት ላይ ከተሸነፉ ጥፋቱ የተናጋሪው ነው ይላል። አጥሩ ሥር ስንት ሰው እውነቱን ይዞ፣ መናገር አቅቶት፣ ፊርማውን ብቻ አኑሮ ሲሄድ አይቻለሁ። አርስቶትል ያን ሰው ያየው ይመስለኛል። ፕላቶን ያየው የተጭበረበረውን ዳኛ ነው።

የክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቅ ወረቀት «ኤቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ» ተለጥፏል። የተናጋሪው ማንነት፣ የሰሚው ስሜት፣ የነገሩ ማስረጃ። ረዳት አሠልጣኙ ኤቶስን ሲያስረዳን «ታዋቂነት ነው፤ ሰው ሲያውቅህ ያምንሃል» አለ። ይሄ ስህተት ነው፤ ትልቅ ስህተት። አርስቶትል የሚለው ተቃራኒውን ነው። እምነቱ ከንግግሩ ውስጥ ይፈልቅ እንጂ ሰሚው ስለ ተናጋሪው አስቀድሞ ካለው ግምት አይምጣ ነው የሚለው። ለእኔ ባለጉዳዮች ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከወንዶ ገነት የመጣችን ገበሬ ዳኛው አያውቃትም። ታዋቂነት ኤቶስ ከሆነ እሷ ገና ሳትጀምር ተሸንፋለች። ለመምህሩ በእረፍት ሰዓት ነገርኳቸው፤ ተመልሰው አረሙት። ወረቀቱ ግን እስከ ስምንተኛው ቅዳሜ ያው ነበር።

ጥያቄም ጠየቅሁ። አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ የጻፈውን መጽሐፍ ሲጀምር ዳኛን በቁጣ፣ በቅናት፣ በርኅራኄ ማወክ ልትለካበት ያለውን ማስመሪያ አስቀድመህ እንደማጣመም ነው ይላል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ግን ቁጣ ምን እንደሆነ፣ ማን ላይ እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚበርድ ገጽ በገጽ ያስተምራል። «ታዲያ የቱን እንያዝ?» አልኩ። መምህሩ ደስ አላቸው። ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው አሉ። እሳቸው የመረጡት ትርጓሜ ይህ ነው፦ የሚከለከለው ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ስሜት ነው። በግፍ የተባረረች ሴት ጉዳይ ላይ ቁጣ ከጉዳዩ ውስጥ ነው፤ ግፉን በትክክል ያየ ሰው ይቆጣል። ልጆቿን ደርድራ ማስለቀስ ከጉዳዩ ውጭ ነው። እኔ እስካሁን በሁለቱ መካከል መስመሩ የት እንደሚሰመር በየቀኑ ነው የማስበው።

አራተኛው ቅዳሜ ለባለጉዳዮች ንግግር ይጽፍ የነበረው ሊስያስ ላይ አረፍን፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አቴንስ ውስጥ ባለጉዳይ ራሱ ቆሞ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ንግግሩን አስቀድሞ ለሚጽፍለት ሰው ይከፍላል፤ ያጠናዋል፤ ሄዶ እንደራሱ አድርጎ ይናገረዋል። የእኔ ሥራ ነው! በ2,400 ዓመት የሚበልጠኝ የሙያ ባልደረባ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ሊስያስ የውጭ አገር ሰው ልጅ ነው። አባቱ ከሲራኩስ መጥቶ አቴንስ የሰፈረ ነው፤ ዜግነት የለውም።

መምህሩ በአማርኛ መልሰው ያነበቡልን ስለ አንድ አካል ጉዳተኛ የተጻፈውን ነው። ሰውየው ከከተማው በቀን አንድ ኦቦል እርዳታ ያገኛል። ትንሽ ገንዘብ ናት። አንድ ሰው ከሰሰው። «ጤነኛ ነው፤ ፈረስ ሲጋልብ አይቼዋለሁ» አለ። ሰውየው በምክር ቤቱ ፊት ይመልሳል። ገንዘብ ቢኖረኝ በኮርቻ በተጫነ በቅሎ ነበር የምሄደው፤ የሰው ፈረስ የምለምነው ስለሌለኝ ነው። ደግሞስ ሌላው በአንድ በትር ሲሄድ እኔ በሁለት ነው የምሄደው፤ ይሄንንም የጤና ምልክት ነው በለኝ እንጂ! ሱቅህ የመጥፎ ሰዎች መሰብሰቢያ ነው ተብሎም ተከሷል። ሁላችሁም አንድ ቦታ ሄዳችሁ ትቀመጣላችሁ፣ አንዱ ሽቶ ሻጭ ጋ፣ አንዱ ፀጉር ቆራጭ ጋ፣ አንዱ ጫማ ሠሪ ጋ ይላል። አባቴ ምንም አልተወልኝም፤ እናቴን ስጦር ኖሬ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሚጦረኝ ልጅ የለኝም። ይኸው ነው። አንዲት ከባድ ቃል የለችበትም። ሰውየውን ታየዋለህ፤ በሁለቱ በትሩ ላይ ተደግፎ፣ ትንሽ ቀልደኛ፣ ትንሽ ነገረኛ።

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤት ኪራይ ክርክር ያለባት አንዲት ሴት መጣች። አረቄ አውጥታ የምትተዳደር። አሳምሬ ጻፍኩላት። «በከፍተኛ የሞራል ስብራት ውስጥ የምገኝ ስለሆነ» ብዬ ጻፍኩ። «ሰብዓዊ ክብሬን በሚነካ አኳኋን» ብዬ ጻፍኩ። ችሎት ላይ ዳኛው ወረቀቱን አይተው «የሞራል ስብራት ያልሽው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት። ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እሱን አላልኩም፤ በሩን ነው የነቀለው» አለች። በሩን መንቀሉ ለእኔ ነግራኝ ነበር። እኔ ነኝ የተውኩት። ከእንጨት በር ይልቅ የሞራል ስብራት ያማረ መስሎኝ።

በማመልከቻው መጨረሻ ሁልጊዜ የምንጽፋት መስመር አለች፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የቀረበው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የምትል። ሴትየዋ ከዚያች መስመር ሥር ነው የፈረመችው። ያረጋገጠችው ግን የእኔን ቃል ነው።

ሊስያስ በሩን አይተውም ነበር። ጥበቡ እሱ ነው፤ ባለጉዳዩን በባለጉዳዩ አፍ ማናገር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጽፌ ስጨርስ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። «ይሄ አንቺ ያልሽው ነው?» እላለሁ። ፊታቸውን አያለሁ። የተጠራጠሩበትን ቃል እሰርዛለሁ። ጊዜ ይወስዳል። በቀን የምጽፈው በሁለትና በሦስት ማመልከቻ ቀንሷል።

አምስተኛው ቅዳሜ ላይ ፕላቶን ሊስያስን በስሙ ጠርቶ ሲተቸው ለማየት ጓጉቼ ሄድኩ። ፋይድሮስ የሚባለው ድርሰት ነው። ሶቅራጥስና ወጣቱ ፋይድሮስ ከከተማ ወጥተው ኢሊሶስ ወንዝ ዳር ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ልጁ የሊስያስን ጽሑፍ በልብሱ ሥር ደብቆ ይዟል። ያነበዋል። ሶቅራጥስ ዓረፍተ ነገሮቹን ብትቀያይራቸው ለውጥ የለውም ይላል፤ ንግግር እንደ ሕያው ፍጥረት ራስና እግር ሊኖረው ይገባል። ደግሞ እዚህ ፕላቶን ሁሉንም ንግግር አይጥልም። እውነቱን የሚያውቅና የሰሚውን ነፍስ የሚያውቅ ሰው ቢናገር ያ ጥበብ ነው ይላል። ያው ፕላቶን ነው፤ ሐኪሙና ወጥ ሠሪው ላይ ቆሞ የቀረ የመሰለው። ይሄን የመሰለ ነገር በግማሽ ሰዓት አለፉት። የቀረው ሰዓት ለአቋቋምና ለእጅ እንቅስቃሴ ልምምድ ዋለ። ለፓስተሩና ለደላላው ይጠቅም ይሆናል። እኔ አዝኛለሁ።

ያን ቀን ያዳነን ጋሼ ናቸው። «እኛ ጋ ሶንጎ ላይ ሰው ነገሩን ሲጀምር ‹አፊኒ?› ይላል» አሉ። «ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ዝም ብሎ ለማለት ያህል አይደለም። ሰሚው ሰምቻለሁ ካለ በኋላ እሱም የነገሩ ባለቤት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሀላሌ አለ፤ እውነት። አንደበትህ ቢያምርም ከሀላሌ ከወጣህ ሽማግሌው ይመልስሃል።» መምህሩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ፕላቶን የጎደለው ሸንጎው ነበር ማለት ነው» አሉ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም። የሱ ሸንጎ ትልቅ ነው፤ ሰዉ አይተዋወቅም።» ሶቅራጥስ በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተፈረደበት ችሎት 500 ገደማ ዳኞች እንደነበሩት ያወቅሁት ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ የተናገሩት ትክክል ነበር።

ስድስተኛው ቅዳሜ ዋናው ቅሬታዬ ነው። ርዕሱ «ከግሪኮች በኋላ» ይላል። ወደ 2,300 ዓመት የሚጠጋ ታሪክ በአንድ ከሰዓት! ሮማውያኑ ሲሴሮና ክዊንቲሊያን፣ አውግስጢኖስ፣ ኢብን ሩሽድ፣ ሎክ፣ ፔሬልማን። 9 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ሞተ። ጄኔሬተር አለ ተብሎ ነበር፤ ነዳጅ ግን የለውም። መምህሩ ከስላይዱ ውጭ ማስተማር የሚችሉ ሰው መሆናቸውን ያወቅነው ያኔ ነው፤ ግን ሰዓቱ አልበቃም። ማካካሻ ቀን ጠየቅን። «እናሳውቃችኋለን» ተባለ። አልተነገረንም።

በጨለማው የሰማሁት ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሁላችን የምናውቀው ዮሐንስ አፈወርቅ፣ በስሙ የሚቀደስበት ቅዳሴ ያለው አባት፣ አንጾኪያ ውስጥ የአረማዊው የንግግር መምህር የሊባንዮስ ተማሪ እንደነበር ይነገራል። አፈወርቅ፣ የወርቅ አፍ። ያ የጎርጊያስና የአርስቶትል ትምህርት ከአንድ ጉሮሮ ወደ ሌላ ጉሮሮ እያለፈ ቤተ ክርስቲያን ገባ ማለት ነው። አውግስጢኖስም ሚላን ከተማ የንግግር መምህር ነበር። ውሸታሞች በንግግር ሲታጠቁ የእውነት ጠበቆች ለምን ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ ብሎ ጠየቀ። አርስቶትልን እየሰማሁ መሰለኝ።

ስፔን ውስጥ ኮርዶባ ላይ የኖረው ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ (እ.ኤ.አ. 1126-1198) ደግሞ የአርስቶትልን የንግግር መጽሐፍ ከሥነ አመክንዮ መጻሕፍት ጋር ነው የሚቆጥረው፤ ከእሱ በፊት የነበሩት የዓረብኛ ፈላስፎችም እንዲሁ። አንዳንዱ ሰው በጥብቅ ማረጋገጫ ያምናል፣ አንዳንዱ በክርክር፣ ብዙው ሰው ግን በንግግር ነው የሚያምነው ይላል። ስለዚህ ንግግር ጌጥ አይደለም፤ እውነት ወደ ብዙው ሰው የሚደርስበት መንገድ ነው። ከእሱ በኋላ አውሮፓ ውስጥ ነገሩ ወደ ጌጥነት ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1690 እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ የንግግር ማሳመሪያውን ሁሉ ማታለያ ብሎ ጣለው፤ ፕላቶን ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 ፔሬልማንና ኦልብሬክትስ ቲቴካ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ቤልጅየም ውስጥ አርስቶትልን መልሰው አነሱት፤ ሒሳብ በማይፈታው ጉዳይ፣ ለምሳሌ በፍርድ ቤት፣ ሰው እንዴት በምክንያት ይግባባል ብለው። ይሄ ሁሉ ለየብቻው አንድ ቅዳሜ ይገባዋል።

ሌላም የቀረ ነገር አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተተረጎመ መጽሐፈ ፈላስፋ አለን። በሶቅራጥስ፣ በፕላቶንና በአርስቶትል ስም የሚነገሩ ምክሮች ሞልተውበታል። ከዚያ ደግሞ የራሳችን በላ ልበልሃ አለ። አያቴ ልጅ ሳለሁ ይነግሩን ነበር፤ ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በትሩን ይዞ፣ «በላ ልበልሃ!» ሲል ዛፍ ሥር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። «ከጥንት ግሪኮች እስከ ዛሬ» ያለ ሥልጠና ሐዋሳ ላይ ሲሰጥ ይሄ አለመነሳቱ ይጎድለዋል። አስተያየት መስጫው ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

ወደ ቀዩ ጽሑፍ ልመለስ። «ማንንም አሳምን!» አርስቶትል የንግግር ጥበብ ሥራው ማሳመን አይደለም ይላል። በእያንዳንዱ ጉዳይ ውስጥ ያለውን አሳማኝ ነገር ማየት ነው። ሐኪምም ሁሉን አያድንም፤ የማይድነውንም በአግባቡ ያክማል። ድርጅቱ የሚያስተምረው መጽሐፍ ማስታወቂያውን ይቃወመዋል። ይህን ለአስተባባሪዋ ስነግራት «እትዬ፣ እሱ ባይኖር ሰው አይመዘገብም» አለችኝ። መልሷ የወጥ ሠሪው ነው። ልጅቷ ደግ ልጅ ናት፤ ግን አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም።

ሰባተኛው ቅዳሜ የልምምድ ነበር፤ ብዙ የምለው የለኝም። ስምንተኛው ላይ እያንዳንዳችን ተናገርን፤ ሰዓቱ የተለካው በውሃ ነው። አቴንሶች ችሎት ላይ ከሥሩ የተበሳ የሸክላ ዕቃ ነበራቸው። አደባባያቸው በቁፋሮ የተገኘው 6.4 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በስድስት ደቂቃ ያልቃል። መምህሩ ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ በስተው መጡ፣ ከሥሩ ባልዲ። ውሃው ከላይ በኃይል ይጀምራል፤ እያለቀ ሲሄድ ይቀጥናል፤ በመጨረሻ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ስልክ ላይ ሰከንድ እንደማየት አይደለም። ድምፁን ትሰማዋለህ። አቴንስ ችሎት ላይ ምስክርና ሕግ ሲነበብ ግን ቀዳዳው ይደፈን ነበር፤ የሰነድ ንባብ ከተናጋሪው ሰዓት አይቆረጥም። «ውሃውን ያዝልኝ» ይሉ ነበር።

እኔ የመረጥኩት የሴትየዋን የኪራይ ጉዳይ ነው፤ ስሟንም ሰፈሯንም ሳልጠራ። ከበሩ ጀመርኩ። ማጠፊያው እንዴት እንደተነቀለ፣ ሌሊቱን በሩ በነበረበት ቦታ ማዳበሪያ ሰቅላ ከልጇ ጋር እንዴት እንዳደረች። የሞራል ስብራት የሚል ቃል አልነበረበትም። ውሃው ሳያልቅ ጨረስኩ። ደላላው መጀመሪያ አጨበጨበ። ጋሼ አላጨበጨቡም፤ «አፊኒ» አሉ።

መመዝገብ ለምታስቡ፦ ጠበቃ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ሰባኪ፣ አስተማሪ ከሆናችሁ ሂዱ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቅዳሜዎች ብቻቸውን 2,800 ብሩን ያወጣሉ። ሽያጭ ለመማር ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሃንድአውቱ የተደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ በስልካችሁ ጥርት ያለውን ከመምህሩ ጠይቁ፤ ይልካሉ። ቡና ከመሬት ቤት ያለችው ልጅ ጋ ጥሩ ነው፤ እረፍቱ ግን 15 ደቂቃ ስለሆነ ሳትወርዱ እዘዟት። በምሥራቅ በኩል ካለው መስኮት ሥር ቦታ ያዙ። ስድስተኛው ቅዳሜ በሁለት ከተከፈለ ደግሜ ለመመዝገብ ስሜን አስይዣለሁ፤ አስተባባሪዋ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እሰጥሻለሁ ብላኛለች።